ለሰባ ጉበት የሚሸጥ የዕፅዋት ጥቅል፦ የቱን አስቀረሁ፣ የቱን መለስሁ

በአልትራሳውንድ ምርመራ ጉበቴ ላይ ስብ መከማቸቱ ከተነገረኝ ሦስት ሳምንት በኋላ፣ «ለሰባ ጉበት ባህላዊ የዕፅዋት ድጋፍ» በሚል ማስታወቂያ የሚሸጥ የሦስት ወር ጥቅል አዝዤ አስመጣሁ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ጥቅል ግምገማ ነው። የአምራቹን ስም አልጠቅስም፤ በይዘትም በአቀራረብም መንትያው የሚመስሉ ሌሎች ጥቅሎች በገበያ ላይ ስለሞሉ፣ ስለ አንዱ የምለው አብዛኛው ነገር ለሌሎቹም ይሠራል። ስድስት ወር ያህል ቆይቼ የጻፍሁትም ሆን ብዬ ነው፤ በሁለተኛው ሳምንት ብጽፍ ኖሮ ውዳሴ፣ በሰባተኛው ሳምንት ብጽፍ ደግሞ ስድብ ይሆን ነበር።

ሣጥኑ ውስጥ አምስት ዓይነት ነገር አለ፤ ሦስት ብልቃጥ የእርድ እንክብል፣ ሦስት ብልቃጥ «የጉበት ቅልቅል» የተባለ እንክብል፣ አንድ ከረጢት የተፈጨ ተልባ፣ 60 የሻይ ከረጢት፣ እንዲሁም 48 ገጽ ያለው የአመጋገብ መጽሐፍ። አስተሻሸጉ ንጹሕ ነው፤ የብልቃጦቹ ክዳን በማኅተም የተዘጋ፣ የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜውም በግልጽ የታተመ ነው። የሚጠየቀው ገንዘብ ግን በጥራጥሬና በአትክልት ቢመነዘር አንድ ቤተሰብ ለብዙ ሳምንታት የሚመገበውን ያህል ስለሆነ፣ «ቢጠቅም ይጥቀም፣ ባይጠቅም አይጎዳም» ተብሎ በቸልታ የሚገዛ ነገር አይደለም። ወደ ፊት እንደምገልጸው፣ «አይጎዳም» የሚለውም ቢሆን አጠራጣሪ ነው።

ብዙ ሰው በዚህ በሽታ ጊዜ ወደ ዕፅዋት የሚያዘነብለው በየዋህነት ብቻ አይመስለኝም። የሰባ ጉበት የሚባለው ከጉበት ሕዋሳት ከ5 በመቶ በሚበልጡት ውስጥ ስብ ሲጠራቀም ሲሆን፣ በዓለም ላይ ካሉ አዋቂዎች መካከል 30 በመቶ የሚሆኑት እንዳለባቸው ይገመታል። አብዛኛውን ጊዜ አያምም፣ ከሥራም አያስቀርም፤ ሰው የሚያውቀው ለሌላ ጉዳይ ሲመረመር ነው። ለረጅም ጊዜ «አልኮል ያላስከተለው የሰባ ጉበት» ይባል የነበረው ይህ በሽታ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ሰውነት ስኳርንና ስብን ከሚጠቀምበት ሥርዓት መዛባት ጋር ያለውን ዝምድና በሚገልጽ አዲስ ስም ተጠርቷል። ሐኪም የሚያዝዘውም ብዙውን ጊዜ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ነገር ሳይሆን «ክብደት ይቀንሱ» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። ከሐኪም ቤት ባዶ እጁን መውጣት የከበደው ሰው የሚይዘው ነገር ቢፈልግ አይፈረድበትም፤ እኔም ከእነዚያ አንዱ ነበርሁ።

መድኃኒት ጭራሽ የለም ማለት ግን አይደለም። ሬስሜቲሮም የተባለው እንክብል ከአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ፈቃድ ያገኘው በማርች 2024 ሲሆን፣ በኦገስት 2025 ደግሞ ሴማግሉታይድ ተከተለው። ሁለቱም የተፈቀዱት ጉበታቸው ተቆጥቶ መካከለኛ ወይም ከፍተኛ ጠባሳ ላወጣባቸው፣ ነገር ግን ጠባሳው ጉበቱን ሞልቶ ወደሚያጨማድድበት ደረጃ፣ ማለትም ወደ ሲሮሲስ ላልደረሱ ሰዎች ነው፤ ያውም ከአመጋገብና ከአካል እንቅስቃሴ ጋር ተደርበው። የእኔ ጉበት ፋይብሮስካን በተባለው፣ የጉበትን ጥንካሬና ስብ ከውጭ ሆኖ በሚለካ መሣሪያ ሲለካ ጥንካሬው 5.8 ኪሎፓስካል፣ የስቡን መጠን የሚጠቁመው ቁጥር ደግሞ 302 ዴሲቤል በሜትር ነበር፤ ስቡ ብዙ፣ ጠባሳው ግን የማያሰጋ መሆኑ ነው። እንደ እኔ ላለ ሰው ምግብ ራሱ ዋናው ሕክምና ነው። ጥቅሉ «ድጋፍ» ነኝ ሲል ምኑን እንደሚደግፍ መጠየቅ የጀመርሁትም ከዚህ ተነሥቼ ነው።

በ«ጉበት ቅልቅሉ» ልጀምር። ስሙ በትልልቅ ፊደል የተጻፈው ዋና ተክል ሚልክ ትስል ነው፤ ሐምራዊ አበባ ያለው፣ ቅጠሉ ላይ ወተት የተንጠባጠበበት የሚመስል ነጭ ዝንጉርጉር ያለበት እሾኻም ተክል። ከዘሩ የሚወጣው ሲሊማሪን የተባለ ውህድ ለጉበት ይበጃል ሲባልለት የኖረ ሲሆን፣ ዝናውም ባዶ አይደለም፤ በአውሮፓ ከዚሁ ተክል የሚገኝና በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት በመርዛማ እንጉዳይ የተመረዙ ሰዎችን ለማከም ያገለግላል። በሰባ ጉበት ላይ ያለው ማስረጃ ግን ይህን ያህል አያስፎክርም። በማሌዥያ ተካሂዶ በ2017 የታተመ ጥናት 99 ሕሙማንን ለሁለት ከፍሎ፣ ለአንዱ ወገን በቀን ሦስት ጊዜ 700 ሚሊግራም ሲሊማሪን፣ ለሌላው ወገን መድኃኒት የሌለበት አስመሳይ እንክብል ለ48 ሳምንት ሰጠ፤ ውጤቱንም ከጉበታቸው በተወሰደ ናሙና መረመረ። አስቀድሞ የተቀመጠውን ዋና ግብ ያሟሉት ከሲሊማሪን ወገን 32.7 በመቶ፣ ከአስመሳዩ ወገን 26 በመቶ ነበሩ፤ እንዲህ ያለው ልዩነት በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል ነው። ጠባሳን በመቀነስ በኩል የተሻለ ምልክት ቢታይም፣ ምልክት እንጂ ማረጋገጫ አልነበረም።

አሁን የብልቃጡን ጀርባ እናንብብ። ዓይን በሚያጨናብስ ደቃቅ ፊደል «የቅልቅሉ ጠቅላላ መጠን በቀን 1,200 ሚሊግራም» ይላል፤ ቀጥሎም የአራት ተክሎች ስም ተደርድሯል፦ የሚልክ ትስል ዘር፣ የአረንጓዴ ሻይ ቅጠል ኤክስትራክት (ከተክሉ ተለይቶ የወጣና የተከማቸ ውህድ)፣ የአርቲቾክ ቅጠል፣ የዳንዴሊዮን ሥር። የእያንዳንዱ ድርሻ አልተጻፈም። በጥናቱ የተሰጠው ሲሊማሪን በቀን 2,100 ሚሊግራም ነበር፤ እዚህ አራቱም ተክሎች ተደምረው 1,200 ናቸው። ስለዚህ ቅልቅሉ ከአፍ እስከ ገደፉ ንጹሕ ሲሊማሪን ቢሆን እንኳ፣ ግቡን ያልመታው ጥናት ከተጠቀመበት መጠን ሊደርስ አይችልም። «ዘር» የተባለውም እንዲሁ የተፈጨ ዘር ይሁን ከዘሩ ተለይቶ የወጣ ውህድ አይታወቅም፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በሸንኮራ አገዳና በስኳር መካከል ያለውን ያህል ነው። መጠኑን የማይነግር መለያ ገዢውን ብቻ ሳይሆን ሐኪሙንም ያሳውራል፤ ይህ ለእኔ ከጥቅሉ ጉድለቶች ሁሉ የከፋው ነው።

የእርዱ እንክብል በግልጽነቱ ይሻላል። ሁለት እንክብል 1,000 ሚሊግራም የእርድ ኤክስትራክት እንደሚይዝ፣ ከዚያም ውስጥ 95 በመቶው ኩርኩሚኖይድ የሚባሉት የእርድ ቢጫ ውህዶች እንደሆኑ፣ በተጨማሪም 10 ሚሊግራም ፒፐሪን እንዳለበት ተጽፏል። ፒፐሪን ቁንዶ በርበሬን የሚያቃጥል የሚያደርገው ውህድ ነው። እዚህ ላይ ወረቀትና እርሳስ መያዝ ይገባል። ለምግብ ማጣፈጫ የምንጠቀምበት የእርድ ዱቄት ከክብደቱ ኩርኩሚን፣ ማለትም ከእነዚሁ ቢጫ ውህዶች ዋናው፣ የሚሆነው 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 3 ግራም ያህል ዱቄት፣ ወደ 90 ሚሊግራም ይሰጣል። ሁለቱ እንክብሎች የሚሰጡት 950 ሚሊግራም ግን ከ30 ግራም በላይ ዱቄት፣ ማለትም ከአሥር የሻይ ማንኪያ በላይ የሚገኝበት ነው፤ ያውም በየቀኑ፣ ለሦስት ወር። ይህን ያህል እርድ አንድ ድስት ውስጥ የጨመረ ሰው ምግቡን የሚበላለት አያገኝም። ሰዎች እርድን ለብዙ ዘመን ያለ ጉዳት በልተዋል የሚለው የማስታወቂያው ክርክር እውነት ነው፤ እንዲህ አድርገው ግን አልበሉትም።

በዚህ ላይ የፒፐሪኑ ጉዳይ አለ። በ1998 የወጣ አንድ ጥናት ሰዎች 2 ግራም ኩርኩሚን ከ20 ሚሊግራም ፒፐሪን ጋር ሲወስዱ ወደ ደማቸው የሚገባው ኩርኩሚን 20 እጥፍ ያህል እንደሚሆን አሳይቷል፤ የእርድ እንክብል ሻጮች ሁሉ እንደ ውዳሴ የሚደግሙት ይህንኑ ነው። ፒፐሪን ይህን የሚያደርገው ግን ጉበትና አንጀት ባዕድ ውህዶችን አፍርሰው የሚያስወግዱበትን ሥራ በማዘግየት ነው። ያ ሥራ ደግሞ ኩርኩሚንን ብቻ የሚመለከት ሳይሆን፣ ሰውየው የሚውጣቸውን አንዳንድ ሌሎች መድኃኒቶችም የሚመለከት ነው። የደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ሰው ደግሞ የተከማቸው እርድ ራሱ ጥንቃቄ ያሻዋል። የሰባ ጉበት ያለበት ሰው ብዙውን ጊዜ የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የኮሌስትሮል መድኃኒት የሚወስድ ሆኖ ሳለ፣ በመለያውም ሆነ በመጽሐፉ ላይ ስለዚህ ጉዳይ አንድ ቃል አልሰፈረም።

ለእርድ የሚሟገቱ ጥናቶች እንዳሉ መካድ አይገባም። በአንዳንዶቹ፣ ጉበት ሲጎዳ በደም ውስጥ የሚጨምረው የጉበት ኤንዛይም ዝቅ ብሏል፤ ነገር ግን አብዛኞቹ ጥቂት ሰዎችን ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የተከታተሉ ናቸው። የአረንጓዴ ሻዩም ታሪክ ተመሳሳይ ነው። በሙቅ ውኃ የተዘፈዘፈ ሻይ ለአብዛኛው ሰው የሚያሰጋ መጠጥ አይደለም። በእንክብል የተከማቸው ግን ኢ.ጂ.ሲ.ጂ. የተባለውን ውህድ አብዝቶ ስለሚይዝ፣ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2018 ባወጣው ግምገማ ከሰፕሊመንት (እንደ እንክብል ካለ የምግብ ማሟያ) በቀን 800 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ መውሰድ ከጉበት ኤንዛይም መጨመር ጋር እንደሚያያዝ አመልክቷል፤ በ2022ም የአውሮፓ ኅብረት የቀን መጠኑ ከዚያ በታች እንዲሆን በሕግ ደነገገ። የእኔ ቅልቅል ስንት እንደያዘ ማወቅ የማልችለው፣ ቀደም ብዬ በተናገርሁት የመለያው ዝምታ ምክንያት ነው።

ስለ ሻይ ከረጢቶቹ ብዙ የሚባል ነገር የለም። የሚጠጣ፣ ትንሽ የሚመር፣ ስኳር ካልተጨመረበት የማይጎዳ ትኩስ ውኃ ነው።

በስድስተኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ ድካም ይጫነኝ፣ ጠዋት ጠዋትም የምግብ ሽታ ያቅለሸልሸኝ ጀመር። መጽሐፉ በገጽ 9 ላይ «በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚሰማ ድካም ጉበት መርዝ እያስወጣ መሆኑን ያሳያል» ስለሚል፣ አራት ቀን ያህል ደስ እያለኝ ታመምሁ። በአምስተኛው ቀን ለክትትል ደም ሰጠሁ። ጥቅሉን ከመጀመሬ በፊት 58 የነበረው ኤ.ኤል.ቲ. የተባለው የጉበት ኤንዛይም 286 ደርሶ ተገኘ። ሐኪሜ ያንኑ ዕለት አስጠርተው ምን እንደምወስድ ጠየቁኝ፤ በቅጹ ላይ «መድኃኒት፦ የለም» ብዬ ሞልቼ ነበር፤ ዕፅዋት መድኃኒት ሆነው አልታዩኝም ነበርና። ብልቃጦቹን ይዤ ሄድሁ። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው መለያውን እስከ አፍንጫቸው አስጠግተው አነበቡና ሁለቱንም ዓይነት እንክብል እንዳቆም አዘዙኝ። ምርመራዎቹ ከቫይረስ ሄፓታይተስ ነጻ መሆኔን አሳዩ። ካቆምሁ ከአራት ሳምንት በኋላ ኤንዛይሙ ወደ 74 ወረደ።

«ከእንክብሎቹ ነው ብዬ ልምልልዎ አልችልም» አሉኝ፤ «ግን ሲጀምሩ ወጣ፣ ሲተዉ ወረደ። እንደገና ጀምረው እንዲፈትኑት አልፈቅድልዎትም።» ይህ ጥንቃቄ የተሞላበት አነጋገር ልክ ነው፤ እኔም ከዚህ አልፌ የምናገረው የለኝም። ነገር ግን የሚታወቅ ነገር አለ። በአሜሪካ በመድኃኒት ሳቢያ የሚደርስ የጉበት ጉዳትን የሚከታተሉ ተመራማሪዎች በ2022 ባወጡት ዘገባ፣ በእርድ ሰፕሊመንት ጉበታቸው የተጎዳ 10 ሰዎችን መዝግበዋል፤ አምስቱ ሆስፒታል ተኝተው ታክመዋል፣ አንዱ ሞቷል። ከአሥሩ ሰባቱ ኤች.ኤል.ኤ. ቢ 35፡01 የተባለውን፣ ከወላጅ የሚወረስ የዘረ መል ምልክት የተሸከሙ ነበሩ፤ ይኸው ምልክት በአረንጓዴ ሻይ ኤክስትራክት ከሚመጣ ጉዳት ጋርም ተያይዟል። ስለዚህ ጎረቤቱ ወስዶት ምንም ያልሆነው ነገር እርሱን ሊጎዳው እንደሚችል ገዢው አስቀድሞ የሚያውቅበት መንገድ የለም። ተክል መሆን ዋስትና አለመሆኑ የዛሬ ግኝትም አይደለም፤ ለክብደት መቀነሻ ይሸጥ የነበረው ጀርማንደር የተባለ ተክል ብዙ ሰዎችን በጉበት ብግነት ካሳመመ በኋላ ፈረንሳይ በ1992 አግዳዋለች።

የተልባው ጉዳይ ከዚህ ይለያል። በጥቅሉ ውስጥ ካሉት መካከል በእውነት የምግብ ተክል የሚባለው እርሱ ነው። በ2016 የታተመ አንድ ጥናት የሰባ ጉበት ካለባቸው 50 ሰዎች መካከል ግማሾቹን ከአኗኗር ለውጥ ጋር በቀን 30 ግራም የተፈጨ ተልባ ለ12 ሳምንት አበልቷቸው፣ የአኗኗር ለውጥ ብቻ ካደረጉት ይልቅ ኤንዛይማቸውም የጉበታቸው ስብም የተሻለ ቀንሶ አግኝቷል። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ማን ምን እንደሚበላም ተሳታፊዎቹ ያውቁ ነበር። ቢሆንም ተልባ ከክብደቱ ከሩብ በላይ አሰር (ሆድ የማይፈጨው የተክል ክፍል) የሆነ፣ ከዘይቱም ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ኦሜጋ 3 የሆነ እህል ስለሆነ፣ ጥቅሙ ባይሞላ እንኳ ጉዳቱ የሚያሳስብ አይደለም።

ከረጢቱን ስከፍት ግን ያወደኝ የቀለም ሽታ ነበር። ይህ ምሳሌያዊ አነጋገር አይደለም፤ የተልባ ዘይት አየር ሲያገኘው እየጠነከረ የሚደርቅ በመሆኑ የዘይት ቀለም ለመበጥበጥ ከጥንት ጀምሮ ሲያገለግል የኖረ ነው። ያልተፈጨው ዘር በቅርፊቱ ውስጥ ዘይቱን ለወራት ይጠብቃል፤ ከተፈጨ በኋላ ግን ቶሎ ይበላሻል። ጣቴን አርጥቤ ቀመስሁት፤ ለውዝ ለውዝ የሚል ጣዕም ሊሰጥ ሲገባው መረረኝ፣ ጉሮሮዬንም ከረከረኝ። የተፈጨ ተልባን በሚያሳይ ፕላስቲክ ከረጢት አሽጎ ለሦስት ወር ይቆይ ማለት የተልባን ጠባይ አለማወቅ ነው። ጣልሁትና ከእህል መደብር ያልተፈጨውን ገዛሁ፤ በየሦስት ቀኑ ጥቂት ጥቂት እየፈጨሁ በተከደነ ማሰሮ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ሳይፈጭ የተዋጠ ዘር አብዛኛው እንደገባ ስለሚወጣ መፍጨቱ የግድ ነው። በአንድ የሾርባ ማንኪያ ጀምሬ በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ አራት አሳደግሁት፤ ይህ ወደ 30 ግራም ይጠጋል። ፈጥኖ የጀመረና ውኃ ያሳነሰ ሰው ሆዱ ይነፋል ወይም ይደርቃል።

መጽሐፉ ከሣጥኑ ሁሉ የተሻለው ነው፤ ማን እንደጻፈው አለመጠቀሱ አሳዝኖኛል። አብዛኛው ገጹ ምስርን፣ ሽምብራን፣ ባቄላን፣ አጃንና ገብስን፣ ቅጠላ ቅጠልን፣ ለውዝንና የወይራ ዘይትን በየዕለቱ ማዕድ ውስጥ እንዴት ማስገባት እንደሚቻል ያሳያል። ሽምብራን ሌሊቱን ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት የሆድ መነፋትን እንደሚቀንስ፣ ነጭ ዱቄት በአንድ ጊዜ ከሚቀር ይልቅ ሩብ ሩቡ በሙሉ እህል ቢተካ እንደሚለመድ የሚመክሩት ገጾች ወጥ ቤት ውስጥ የኖረ ሰው እንደጻፋቸው ያስታውቃሉ። ብዙ የአመጋገብ ጽሑፎች «አሰር ይብሉ» ብለው ይተዋሉ፤ ይህ ግን 100 ግራም የተቀቀለ ምስር ወደ 8 ግራም አሰር እንደሚሰጥ ጽፎ፣ የቀኑን ድምር አንባቢው ራሱ እንዲያሰላ ሠንጠረዥ ያቀርባል። አሰሩ ጠቃሚ የሚሆነው ስብን እንደ መጥረጊያ ጠርጎ በማውጣት አይደለም፤ ከፊሉ በትልቁ አንጀት ውስጥ በባክቴሪያዎች ተብላልቶ ጉበትና ኢንሱሊን የሚነጋገሩበትን መንገድ በማሻሻል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰውን በጥቂት ካሎሪ በማጥገብ ነው።

ይህን በትክክል ለመረዳት በጉበት ውስጥ የሚጠራቀመው ስብ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ይረዳል። በ2005 የታተመ ጥናት ምልክት የተደረገባቸውን ውህዶች በመከተል እንዳሳየው፣ በሕሙማኑ ጉበት ውስጥ ከነበረው ስብ 59 በመቶው ከሰውነት የስብ ክምችት በደም ተጉዞ የመጣ፣ 26 በመቶው ጉበቱ ራሱ ከስኳርና ከመሳሰሉት አዲስ የሠራው ሲሆን፣ በቀጥታ ከተበላ ስብ የመጣው 15 በመቶ ብቻ ነበር። እንግዲህ ከቅባት መሸሽ ብቻውን ብዙ አያራምድም፤ ክብደት መቀነስ ትልቁን ምንጭ፣ ጣፋጭን መተው ሁለተኛውን ምንጭ ያደርቃል። ኩርኩሚን ከእነዚህ ምንጮች የትኛውን እንደሚዘጋ የጥቅሉ ማስታወቂያ ሊነግረን አልሞከረም።

መጽሐፉም ቢሆን እንከን አለው። ገጽ 21 ላይ በየጠዋቱ የሦስት ፍራፍሬ ጭማቂ በትልቅ ብርጭቆ መጠጣትን «ጉበትን ማጠብ» ይለዋል። አንድ ሙሉ ፍራፍሬ የበላ ሰው አሰሩን አብሮ ይበላል፤ ከሦስት ፍራፍሬ ተጨምቆ የወጣ ስኳር ግን ፍሩክቶስ የተባለውን የፍራፍሬ ስኳር በአንድ ጊዜ ወደ ጉበት ያወርዳል። የሰባ ጉበት ባለባቸው 40 ወንድ ልጆች ላይ ተካሂዶ በ2019 የታተመ ጥናት፣ በምግባቸው ውስጥ የተጨመረ ስኳርንና የጭማቂ ስኳርን ለስምንት ሳምንት አጥብቀው የቀነሱት ልጆች የጉበት ስባቸው ከ25 ወደ 17 በመቶ ሲወርድ፣ የለመዱትን የበሉት ልጆች ግን ከ21 ወደ 20 በመቶ ብቻ እንደወረደ አሳይቷል። ሳይታሰብ ጉበትን የሚያጸዳ ነገር ካለ፣ ብርጭቆውን አለመሙላት ነው ማለት ይቻላል። በገጽ 30 የታዘዘው የሦስት ቀን ጾምና ሆድ የሚያስቀምጥ ሻይም ስብ ሳይሆን ውኃ የሚያስወጣ በመሆኑ ዘልዬው አለፍሁ።

መጽሐፉ የረሳው ደግሞ ቡናን ነው፤ ይህ የሚገርም ዝንጋታ ነው። በብሪታንያ ወደ 495,000 የሚጠጉ ሰዎችን ተከታትሎ በ2021 የታተመ ጥናት፣ ቡና ጠጪዎች በሥር የሰደደ የጉበት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ21 በመቶ፣ በዚያው በሽታ የመሞት ዕድላቸው ደግሞ በ49 በመቶ ዝቅ ብሎ አግኝቷል፤ ጥቅሙ ጎልቶ የታየው በቀን ከሦስት እስከ አራት ስኒ በሚጠጡት ላይ ሲሆን፣ ካፌይን የተቀነሰለት ቡናም ተመሳሳይ ዝምድና አሳይቷል። እንዲህ ያለው ክትትል ዝምድናን እንጂ ምክንያትን እንደማያረጋግጥ አውቃለሁ። ስኳር የሌለበት ቡና ግን ማንኛውም ሰው በቤቱ የሚያፈላው ነው፤ ምናልባት የተረሳውም ለዚሁ ይሆናል። በአትክልት የበለጸገ አመጋገብ በሙሉ ይዘቱ ሲፈተን ደግሞ የሚያሳየው ከማንኛውም እንክብል ይበልጣል፤ 294 ሰዎችን ለ18 ወር የተከታተለና በ2021 የታተመ ጥናት፣ ቀይ ሥጋን ቀንሶ ለውዝን፣ አረንጓዴ ሻይንና አረንጓዴ የውኃ ተክልን የጨመረው የሜዲትራኒያን አመጋገብ የጉበት ስብን ከመነሻው በ39 በመቶ ገደማ ሲቀንስ፣ ጤናማ ምግብ ብሉ የሚል ምክር ብቻ ያገኙት የቀነሱት 12 በመቶ ያህል ነበር።

እንክብሉን ካቆምሁ በኋላ የቀጠልሁት መጽሐፉን ነው። በሳምንት አራት ቀን ሥጋ በሚቀርብበት ቦታ ጥራጥሬ፣ በየጠዋቱ አጃ ከተልባ ጋር፣ ለስላሳና ጭማቂ ጨርሶ የለም፣ ከእራት በኋላ አርባ ደቂቃ የእግር ጉዞ። በስድስት ወር ውስጥ ክብደቴ ከ91 ወደ 84.5 ኪሎ ወረደ፤ ይህ 7 በመቶ ነው። ከ3 እስከ 5 በመቶ መቀነስ ስቡን፣ ከ7 እስከ 10 በመቶ መቀነስ ብግነቱን፣ 10 በመቶና ከዚያ በላይ መቀነስ ደግሞ ጠባሳውን ሊያሻሽል እንደሚችል ስለሚታወቅ፣ ቁጥሩ ትርጉም አለው። ኤ.ኤል.ቲ. 34 ሆነ፤ የፋይብሮስካኑ የስብ ቁጥርም ከ302 ወደ 256 ወረደ። ከዚህ ውስጥ የተልባው ድርሻ ስንት፣ የእግር ጉዞው ስንት፣ የቀረው ለስላሳ ስንት እንደሆነ መለየት አልችልም፤ ሻጩም ሊለይ አይችልም። የሚሸጥባቸው ምስክርነቶች ግን እንክብሉን ከአመጋገቡ ጋር አብረው የወሰዱ ሰዎች የሰጧቸው ስለሆኑ፣ ምስጋናው ሁሉ ለብልቃጡ ይሰጣል።

አገልግሎታቸው ከምርታቸው የተሻለ መሆኑን መመስከር ይኖርብኛል። የቅልቅሉን የእያንዳንዱ ተክል መጠን እንዲነግሩኝ ጽፌ፣ የምርመራ ውጤቴንም አያይዤ ላክሁ። በማግስቱ ትሕትና ያለው መልስ መጣ፤ መጠኑ የድርጅቱ ምሥጢር እንደሆነ፣ ስለ ጤናዬ ግን እንዳዘኑ፣ ያልተከፈቱትን ብልቃጦች ከመለስሁ ገንዘቡ እንደሚመለስልኝ ይገልጻል። ሐኪሜም ስለ ጉዳዩ ለሚመለከተው የመድኃኒት ደኅንነት ክፍል በቅጽ ሪፖርት ጻፉ፤ በቅጹ ላይ «የውህዱ መጠን» ከሚለው ክፍት ቦታ ፊት ለፊት ሰረዝ አሰመሩበት። ያልተከፈቱትን ብልቃጦችና 31 የሻይ ከረጢት አሽጌ ላክሁ፤ ገንዘቡም በአሥራ አንደኛው ቀን ገባ። መጽሐፉን መልስ ያለኝ ስላልነበረ፣ ገጽ 21ን በእስክሪብቶ ሰርዤ ምድጃው አጠገብ አስቀምጬዋለሁ።